ቃሉና ቅሉ

ከቃሉ በፊት ቅሉ ነበረ። በሐመር፣ በበና፣ በፀማይና በአሪ ቤት ውኃው፣ ወተቱ፣ ማሩ፣ ከቡና ገለባ የሚፈላው መጠጥ ሳይቀር የሚቀመጠውና የሚጠጣው በቅል ነበር፤ በብዙ ቤት ዛሬም እንደዚያው ነው። ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ሰው ካላመዳቸው ተክሎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ይመደባል፤ ከመብልነቱ ይልቅ ለመያዣነቱ መፈለጉ ደግሞ ከሌሎቹ ይለየዋል። ደርቆ ውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ውቅያኖስ መሻገር አላቃተውም፤ 10,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የቅል ስባሪ በአሜሪካ ምድር ተገኝቷል።

ሐሙስ ቀን ቀይ አፈር ገበያ ላይ፣ አንዲት የበና እናት ፊት ያየሁት ቅል ከዓይኔ አይጠፋም። ወገቡ ላይ ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቷል። ስፌቱ ጠባብና እኩል ነው፤ ቀዳዳዎቹ በጋለ ወስፌ የተበሱ ይመስላል፣ ዙሪያቸው ጠቁሯል። «እናቴ፣ ይሄ ቅል ስንት ዓመቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አጠገባቸው የተቀመጠው ልጃቸው ተረጎመላቸው። እናቲቱ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ቅሉን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን አሰሙኝ፤ ከዚያ ጥቂት ቃል ተናገሩ። ልጁ «ከእናቷ የተቀበለችው ነው» አለኝ። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል የሚባለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ቅሉ በኦሞ ሸለቆ እንዲህ ሲያገለግል ቃሉ፣ «ሃይላንድ»፣ ገና በሩቅ ደሴት ነበር። የጥንት እንግሊዞች ከፍ ያለውን ነገር «ሄአህ»፣ ምድሩን «ላንድ» ወይም «ሎንድ» ይሉ ነበር፤ ሁለቱን ገጥመው ተራራማ አገርን ጠሩበት። በእኛ ቋንቋ ደጋ ማለት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቃሉ የስኮትላንድ ተራሮች መጠሪያ ሆነ። ስሙን የሰጧቸው ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ የቆላ ሰዎች ናቸው፤ በተራራው የሚኖሩት ጌሊክ ተናጋሪዎች አገራቸውን በራሳቸው ቋንቋ በሌላ ስም ይጠሩታል። ይህ ነገር ለደቡብ ኦሞ ሰው እንግዳ አይደለም። ከጂንካ ተነስተን ማጎ ፓርክን አቋርጠን የምናገኛቸው ሙርሲዎች ራሳቸውን ሙን ይላሉ፤ ሙርሲ የሌላ ሰው አፍ የሰጣቸው ስም ነው። እነሱም በተራቸው ከላይ የሚመጣውን ደገኛ ኩቹምባ ይሉታል።

ደገኛው የመጣው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። በዚያው ዘመን ከሩቅ አገር የመጡ ተጓዦችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1888 ካውንት ቴሌኪ የተባለ የኦስትሮ ሃንጋሪ ተጓዥ ከደቡብ በኩል መጥቶ የደረሰበትን ትልቅ ሐይቅ በልዑል ሩዶልፍ ስም ሰየመው፤ ዛሬ ቱርካና የምንለው ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ደግሞ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ኦሞን ተከትሎ ወርዶ ወንዙ እዚያው ሐይቅ ውስጥ እንደሚገባ አረጋገጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት በመመለሻው መንገድ ተገደለ። በእነዚያው ዓመታት የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደዚህ ቆላ ዘለቀ። አሪዎች በገባር ሥርዓት ሥር ወደቁ፤ ብዙ ሰው መሬቱንና ጉልበቱን አጣ። በዚህ ምድር ስለ «ደጋ» ቃል ሲጻፍ ይህን ሳያነሱ ማለፍ ልክ አይመስለኝም።

ሹሙ ሲሰፍርም ደጋ መረጠ። የቀድሞው የአስተዳደር መቀመጫ በተራራው ላይ ያለችው ባኮ ነበረች፤ ጂንካ ኋላ የመጣች ከተማ ናት። መቀመጫው ወደ ጂንካ ከወረደ ስንት ዘመኑ፤ ሆኖም የጂንካ ኤርፖርት በዓለም አቀፍ የበረራ መዝገብ ዛሬም የሚታወቀው በሦስት ፊደል ነው፦ ቢ፣ ሲ፣ ኦ። ባኮ ማለት ነው። አውሮፕላኑ ለብዙ ዓመት ሲያርፍ የኖረው በከተማዋ መሐል፣ ከብት በሚግጥበትና ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 አዲሱ ኤርፖርት ሲከፈት ያ ሜዳ ተተወ፤ ሦስቱ ፊደላት ግን አብረው ተዛወሩ። ስም እንዲህ ነው፣ ባለቤቱ ሲሄድም አይለቅም፤ በዚህ ትረካ ሌላ ጊዜም እናየዋለን።

ከወታደሩና ከነጋዴው ጋር አዳዲስ ዕቃዎችም መጡ። ዘይትና ጋዝ በጣኒካ ይጓዝ ነበር፤ ጣኒካ ከዓረብኛው «ተነካ» ጋር የሚዛመድ ቃል ነው፣ ስስ ቆርቆሮ ማለት። ጣኒካ ቢወድቅ እንደ ቅል አይሰበርም፣ ይጨረመታል እንጂ። ዳሩ ግን ይዝጋል፣ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፣ ክዳንም የለውም። እረኛ ይዞት የሚዞር ዕቃ አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ጀሪካን ነው። የእሱን ታሪክ ሳልነግር ማለፍ አይሆንልኝም፤ ሃይላንድ የተባለው የውኃ ጠርሙስ ኋላ የተጓዘበትን መንገድ የጠረገው እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1937 የጀርመን ጦር 20 ሊትር የሚይዝ የነዳጅ ዕቃ አሠራ። በመጭመቂያ ማሽን የተቀረጹ ሁለት የብረት ግማሾች ተጋጥመው ተበይደዋል፤ አናቱ ላይ ጎን ለጎን ሦስት እጀታ አለው። ሦስት የሆነው በምክንያት ነው። ሙሉውን አንድ ሰው በመሐለኛው ያነሣዋል፤ ለሁለት የሚይዙት ከሆነ እያንዳንዳቸው የዳሩን ይይዛሉ፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ጀሪካን አገጣጥሞ ይጨብጣል። ውስጡ ጥቂት አየር እንዲቀር ተደርጎ ስለተሠራ ነዳጅ ሞልቶት እንኳ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። በዚህ ቅልን ይመስላል።

እንግሊዞች በዚያን ሰዓት የሚጠቀሙት እኛ ጣኒካ የምንለውን ዓይነት፣ 18 ሊትር ገደማ የሚይዝ ስስ ቆርቆሮ ነበር። በሰሜን አፍሪካ በረሃ መኪናው ሲያንገጫግጨው እየተቀደደ ስንቱን ነዳጅ አሸዋ ጠጣው። ከጀርመኖች የማረኩትን ዕቃ ሲያዩ ወደዱት፤ ኋላም አስመስለው ሠሩት። የእንግሊዝ ወታደር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ጀርመናዊውን «ጄሪ» እያለ በቅጽል ይጠራው ነበርና ዕቃውም የጄሪ ጣሳ፣ «ጄሪ ካን» ተባለ። የጠላት ቅጽል ስም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ ኦሞ ሸለቆ ቋንቋዎች ገብቶ ዛሬ አንዲት የሐመር ሴት በጀርባዋ የምትሸከመው ዕቃ መጠሪያ ሆኗል። በአማርኛ ጀሪካን ስንል አንድም ጀርመን በሐሳባችን አይመጣም።

ብረቱ ከጊዜ በኋላ በፕላስቲክ ተተካ፤ ቀለሙም ቢጫ ሆነ። የምግብ ዘይት ይዞ የሚመጣው ቢጫ ጀሪካን ዘይቱ ሲያልቅ ሁለተኛ ሕይወቱን በምንጭ ዳር ይጀምራል። በበጋ የደረቀ የወንዝ አሸዋ ዳር ብትቆሙ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው በተሰለፉት ቢጫ ጀሪካኖች ላይ ነው። ነገር ግን 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። ለእናት ከባድ ነው፤ ለሰባት ዓመት ፍየል ጠባቂ ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ። ቅሉ ከእጅ ካመለጠ ይሰበራል፣ ጀሪካኑ አይነሣም። በሁለቱ መሐል አንድ ክፍት ቦታ ነበር።

ያን ቦታ የሚሞላው ነገር ረጅም መንገድ ተጉዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1941፣ ዓለም በጦርነት ላይ ሳለች፣ ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ኬሚስቶች አዲስ ዓይነት ፖሊስተር ሠሩ። የመጀመሪያ ሐሳባቸው ክርና ጨርቅ ነበር። ዕቃውን ጠርሙስ ያደረገው አሜሪካዊው መሐንዲስ ናትናኤል ዋይዝ ነው። ዋይዝ በሳሙና የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ጋዝ ያለው ለስላሳ ጨምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያሳድረው ጠዋት ተነፍቶ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ግፊት የሚችል ፕላስቲክ ሲፈልግ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ለጠርሙሱ የፈጠራ መብት አገኘ። ቀላል፣ የማይሰበር፣ ውስጡን የሚያሳይ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ጠርሙስ። ዋይዝ ያሰበው ስለ ለስላሳ መጠጥ ነበር።

በኢትዮጵያ የታሸገ ውኃ ከተባለ ለረጅም ዘመን አምቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ሲታሸግ የኖረ ጋዛም ውኃ። ጠርሙሱ ግን መስተዋት ነው፤ ማስያዣ አለበት፣ ባዶውን ሳይመልስ የሚሄድ ሰው ባለሱቁ ጠርቶ ይመልሰዋል። ሌጣ ውኃ በብር መግዛት ደግሞ ለብዙዎቻችን ግራ የሆነ ነገር ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ በፕላስቲክ የታሸገ ውኃ በየሱቁ መደርደር ሲጀምር ቀድመው ከታወቁት ስሞች አንዱ «ሃይላንድ» ነበር። ለደጋማ አገር ውኃ የሚስማማ ስም ነው፤ ከተራራ የወረደ፣ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ የሚል ስሜት አለው። የአማርኛ ጆሮም ወዲያው ተቀበለው፤ መግቢያው ላይ «ኃይል» የተሸሸገበት ይመስላልና። እንግሊዞቹ ኋለኛውን ክፍል ዋጥ አድርገው «ለንድ» ይሉታል፤ እኛ እንደ ላንድክሩዘር፣ እንደ ላንድሮቨር አፋችንን ከፍተን «ላንድ» አልነው።

የንግድ ስም የዕቃ ስም ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ባለሦስት እግሩን መኪና በሕንዱ ፋብሪካ ስም ባጃጅ ብለነዋል። የጥርስ ሳሙና በብዙ ሰው አፍ ኮልጌት ነው። የዱቄት ሳሙና ሁሉ ኦሞ ነው፤ የደቡብ ኦሞ ሰው ከወንዙ ጋር የማይዛመደውን ይህን ሳሙና በወንዙ ስም እየጠራ ሲገዛ መስማት ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የሃይላንድ ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ባጃጅ ያልነው የሚሸጠውን ዕቃ ራሱን ነው፤ ሃይላንድ ላይ ስሙ ከሚሸጠው ውኃ ወጥቶ ወደሚጣለው ጠርሙስ ገባ። ውኃው «የታሸገ ውኃ» ሆኖ ቀረ። ማስያዣ የሌለበት ባዶ ጠርሙስ፣ ማንም መልስ የማይለው፣ ስም አገኘ። ስም ያገኘውም ሰው ስለፈለገው ነው። ቋንቋው ሥራውን የጨረሰው ከዚያ በኋላ ነው፦ «ሃይላንዶቹን አጥባችሁ አስቀምጡ»፣ «የሁለት ሊትር ሃይላንድ የለሽም?»፣ ትንሿ ባለ ግማሽ ሊትር ደግሞ በማቆላመጫ «ሃይላንዷ»። ጾታና ብዙ ቁጥር የተቀበለ ቃል ባዕድ አይደለም።

ከዚያ ቃሉ ቁልቁል ወረደ። ጎብኚ የጫኑ መኪኖች ከአርባ ምንጭ በኮንሶ፣ ከኮንሶ በወይጦ በረሃ ወደ ጂንካ፣ ወደ ዲመካና ወደ ቱርሚ ሲመላለሱ ጠርሙሱ አብሮ ወረደ፤ በባዶነቱም እዚያው ቀረ። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ደሰነቾች የሚኖሩባት ኦሞራቴ 400 ሜትር እንኳ አትሞላም። በኢትዮጵያ እጅግ ሞቃት ከሆኑት ቆላዎች በአንዱ «ደጋ» የሚለው የእንግሊዞች ቃል የውኃ መያዣ ስም ሆነ። ደቡብ ኦሞ ብዙ ብሔረሰቦች የሚኖሩበት አገር ነው፤ ቋንቋዎቹ ኦሞቲክ፣ ኩሽቲክ፣ ናይሎ ሰሃራን እየተባሉ በሩቅ ቤተሰብ ይለያያሉ። የሐመሩ ልጅና የሙርሲው ልጅ ሰላምታ እንኳ በአንድ ቃል አይለዋወጡም። «ሃይላንድ» ግን የሁለቱም ነው።

በዚያ መንገድ የሄደ ሁሉ ጥሪውን ሰምቶታል። ከግራር ጥላ ሥር፣ ከማሽላ እርሻ ዳር፣ በበና በኩል ደግሞ በረጃጅም እንጨቶች ላይ ቆመው ልጆች ይጣራሉ፦ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ከጣሊያን ዘመን የተረፈችው «ካራሜላ» አንዳንዴ ትከተላለች። እንግዳው ይህን ሰምቶ ልመና ነው ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ እንደዚያው አደረግሁ፣ እስካሁንም ይቆጨኛል። ከረሜላ የሚለምን ልጅ ጣፋጭ አምሮት ነው። ሃይላንድ የሚል ልጅ የሚጠይቀው የውኃ መያዣ ነው፤ ከመኪናው ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ባለቤቱ የማይፈልገውን አንዱን መርጦ በስሙ ጠራው። አንዳንድ ሰው ደግሞ መስኮት ከፍቶ ከሚሮጥ መኪና ይወረውራል። ይህ ክፉ ልማድ ነው፤ ልጆቹ ጠርሙሱን ተከትለው አስፋልት ውስጥ ይገባሉ። መስጠት የፈለገ ሰው መኪናውን ጥግ አሲዞ፣ ወርዶ፣ በእጁ ይስጥ።

የተገኘው ሃይላንድ ሥራ አይፈታም። ፍየል ጠባቂው አንገቱን በገመድ አስሮ ትከሻው ላይ ያንጠለጥለዋል። የተረፈው ለገበያ ይሄዳል፤ አረቄ የምታወጣ ሴት ትገዛዋለች። ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ማሩ በሃይላንድ፣ ዘይቱ በሃይላንድ፣ ቅቤው በሃይላንድ ቀርቦ ታገኙታላችሁ፤ በመንገድ ዳር ለሞተረኛው የሚሸጠው ቤንዚንም በዚያው። ስለዚህ ቃሉ መስፈሪያም ሆኗል፤ «ማር ስንት ነው?» ሲሉ «በሃይላንድ ነው በኪሎ?» ተብሎ ይጠየቃል። ደሰነቾች ደግሞ የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ሰብስበው፣ በስተው፣ በክር ሰክተው ለሴቶች ልጆች የራስ ጌጥ ይሠራሉ፤ ሲራመዱ ይንሿሿል። ሌላው የጣለውን አንስቶ ሥራ ላይ ማዋል በዚህ አገር የቆየ እጅ ነው፤ የተሰነጠቀ ቅል የሰፋው ያው እጅ ነው።

የንግዱ ዓለም በዚህ መሐል ተለዋወጠ። ሌሎች ውኃዎች መጡ፣ አኳ አዲስ፣ የስ፣ ስማቸውን ቆጥሬ የማልጨርሳቸው ሌሎችም፤ ሃይላንድ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ከሱቅ መደርደሪያው ጠፋ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንዲሉ ቃሉ አልሞተም። አሁን ሃይላንድ ብለው የሚጠሩት ልጆች የመጀመሪያውን ውኃ ቀምሰው አያውቁም፤ ብዙዎቹ ስሙ ሲወጣ አልተወለዱም። እንደ ባኮ ነው፤ ሹሙ ወርዶ ሦስት ፊደል ቀርታለች። ፕላስቲኩ ራሱ ግን እንደ ቅል ወደ አፈር አይመለስም። የተቀደደው ሃይላንድ በጎርፍ ተገፍቶ ከአሸዋው ጋር ወደ ኦሞ ይወርዳል፣ ከብት የሚውልበት ሜዳ ላይ ይቀራል። አንስቶ የሚሰፋው የለም፤ አይሰፋምና። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ ጠርሙሱን ያመጣን እኛ ነንና መልሶ መሰብሰቡም የእኛ ሥራ ነው።

ባለፈው በጋ ከዲመካ ወጣ ብሎ ባለ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥ አንዲት ልጅ ውኃ ስትቀዳ አገኘኋት። ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። አሸዋው በእጅ ተቆፍሮ ክንድ የሚያህል ጠልቋል፤ ከሥሩ ውኃ ቀስ እያለ ይመነጫል፣ ቶሎ ከቀዱት ይደፈርሳል፣ ስለዚህ ትጠብቃለች። በቀኝ እጇ የቅል ስባሪ ይዛለች፤ በግራዋ የሌላ ፋብሪካ ጽሑፍ ያለበት፣ ወረቀቱ የተላጠ ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ። ውኃው ሲጠራ በቅሉ ትቀዳና ጠርዙን እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ አድርጋ በጠባቡ የጠርሙስ አንገት ታንቆረቁረዋለች። አንድም ጠብታ አሸዋው ላይ አልወደቀም።

ጠርሙሱን እያሳየሁ «የእኔ እመቤት፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሃይላንድ» አለች፤ ይህን አለማወቄ የገረማት መሰለኝ።

ቅሉን አሳየኋት። በቋንቋዋ ነገረችኝ። ደገምኩት፤ ራሷን ነቀነቀች። እንደገና ነገረችኝ፤ እንደገና ደገምኩት፤ ሳቀች። ሦስተኛ ጊዜ ቃሉን ቆርሳ ቆርሳ፣ ለሕፃን እንደሚነግሩ አድርጋ አለችልኝ። ከዚያ ጉድጓዱን አየት አደረገች፤ ውኃው ጠርቷል፤ ጎንበስ ብላ ቀዳች።